የአስራ አራት ቁጥር ልጅ

«የማን ልጅ ነሽ?» አለች ዘሪቱ።

«የእማ» አለች ሃዲያ።

«አይደለም አልኩሽ! እንደገና። የማን ልጅ ነሽ?»

ሃዲያ ዞር ብላ እናቷን ፈዲላን አየቻት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አባቷን አክሏል፤ ግራ ሲገባት ግን ፊቷ የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል። ፈዲላ ምን ታድርግ፣ የሶፋውን ልብስ እንደሚያስተካክል ሰው ጎንበስ አለች። ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ በፈረንጁ አቆጣጠር፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ በሌላ ሰዓት የሚኖር የለም። ሰኔ ስለሆነ ውጭው ገና በጠዋቱ አያስቆምም፤ ኤሲው ደግሞ ሳሎኑን እንጂ መኝታ ቤቶቹን ማቀዝቀዝ ከተወ ወር አልፎታል። ዘሪቱ የባሏ የተማም ታላቅ እህት ናት። ጎህ ሳይቀድ ከሄንደርሰን ተነስታ፣ ሁለት ትሪ ሳምቡሳ ጭና እነሱ ሰፈር ዊትኒ ድረስ መጥታ፣ የገዛ ቤቷ ይመስል ወንበር ስታዟዙር ቆይታ፣ አሁን ሃዲያን ፊት ለፊቷ አቁማ ታስጠናታለች። «የጎረቤት ልጅ ነኝ በይ። ቤታችን አስራ አራት ቁጥር ነው በይ።» አስራ አራት ቁጥር ከእነ ፈዲላ በር ፊት ለፊት ያለው አፓርታማ ነው። የነበሩበት ሰዎች ኪራይ አቅቷቸው ባለፈው ሳምንት ወጥተዋል፤ በሩ ላይ የተለጠፈባቸው ወረቀት እንኳ ገና አልተነሳም። ዘሪቱም የመረጠችው ባዶ ስለሆነ ነው፤ ወጥቶ «ኧረ የእኛ ልጅ አይደለችም» የሚል ሰው የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ለታላቋ ልጅ ለጁማና ሽማግሌ ይመጣል። ልጁ ኢማድ ይባላል፤ አሊያንቴ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ባለ ፎቅ ቤት ያላቸው ሰዎች ልጅ ነው፤ ፋርማሲስት፣ ሶላቱን የማይተው፣ እናት አማች ልሁንልህ ብላ የምትሻማበት ዓይነት ልጅ። ሰዎቹ ግን ዘር ይጠይቃሉ። ዘር ሲባል እንግዲህ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ለምጥ አለ ወይ፣ እብድ አለ ወይ፣ ጅል አለ ወይ ነው። ውቅያኖስ ሲሻገሩ ስንቱን ነገር ጥለው ይቺን አልጣሏትም! ሃዲያን መስጊድ ወስደዋት አያውቁም። ሰርግ ሲጠሩ አንደኛው ወላጅ «ሺፍት አለብኝ» ብሎ እሷን ይዞ ይቀራል። ኢማድን ራሱን ጁማና «ለቤቴ አንድ ነኝ» ብላዋለች፤ ከኒካሕ በኋላ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል፣ ያኔ ምን ያመጣል ተባለ። ታዲያ ልጅቷ ለምን ለአንድ ቀን ሌላ ቦታ አትውልም ያላችሁ እንደሆነ፣ ዛሬ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ሃዲያም የራሷ ቀጠሮ አላት። ያውም ከእናቷ ጋር።

ስቴቱ ለኮሌጅ ተማሪ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በዚህ በ2021 የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆችም ተከፍቷል። ይህን የነገረቻት የሃዲያ መምህር ናት፤ ፈዲላ መጀመሪያ የምታሾፍባት መስሏት ተቀይማ ነበር። ሃዲያና ኮሌጅ! ኮሌጁ የሚወስደው አስር ልጅ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ከሌላው ተማሪ ጋር ክፍል ይገባሉ፣ ብቻቸውን አውቶቡስ መሳፈር ይለማመዳሉ፣ ሲጨርሱ ሥራ ይፈለግላቸዋል። ፈዲላ በቀን አስራ ስድስት የሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት። ኮሮና ካዚኖውን ዘግቶ ቤት ባስቀመጣት ጊዜ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ያሰበችው ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ እኔ የሞትኩ ቀን ይቺ ልጅ የማን ደጅ ትቆማለች ነበር ሐሳቧ። እና ይሄው በር ተከፈተላት። ወረቀቱ ሁሉ አልቋል፤ ትራንስክሪፕቱ፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፣ ሁሉም። የቀረው በዙም አንድ አጭር ንግግር ነው፦ ሃዲያ በራሷ አፍ መማር እፈልጋለሁ ትላለች፣ እናት አጠገቧ ሆና እናቷ እኔ ነኝ፣ እስማማለሁ ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዝርዝሩ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያልተረጋገጠ ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ሁለቱ ነገር አንድ ቀን ላይ የወደቀው በቬጋስ ጠባይ ነው። ሌላው ዓለም ሽማግሌ የሚልከው ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን ነው። እዚህ ግን ቅዳሜና እሁድ ከተማው ጢም የሚልበት፣ ቲፕ የሚፈስበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ሺፍቱን የሚለቅ እብድ ብቻ ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች ናቸው፣ አንጋፋው ሐጂ ሚቅዳድ ሃያ ሰባት ዓመት ሆቴል በር ላይ ሻንጣ የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ የሁሉም ኦፍ የሚገጥመው ረቡዕ ብቻ ነው። ቢሮ ደግሞ ረቡዕ ክፍት ነው። ፈዲላ የኮሌጁን ቀጠሮ ለማስቀየር ኢሜይል ጽፋ አልሆነላትም፤ ዘሪቱን ሽማግሌው ለሌላ ቀን ይሁን ለማለት ደግሞ አፏን አልከፈተችም። እንዴት ትክፈት? ሥራ በቆመ ጊዜ ዘይትና ጤፍ ተሸክማ ደረጃውን የወጣች ዘሪቱ ናት። ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከጠዋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው ያሉት፣ እስከ አንድ ተሩብ ቢበዛ ይወጣሉ፣ እስከ ሦስት ስንት ሰዓት አለ ብላ ራሷን አጽናናች። አበሻ አስራ አንድ ካለ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ እንደማያውቅ ሰው።

ሃዲያ ትምህርት ቶሎ አይገባትም። የቤታቸውን ስልክ ቁጥር ለመያዝ አራት ወር ፈጅቶባታል። አንዴ የያዘችውን ግን የሚያስለቅቃት የለም፤ ስልኩ ከተቀየረ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አሁንም አሮጌውን ነው የምትለው። ዘሪቱ አምስት ጊዜ ጠየቀቻት፣ አምስት ጊዜ «የእማ» አለች፣ በስድስተኛው ክንዷን ቆነጠጠቻት። ሃዲያ ከንፈሯን ጣለች። ጁማና ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ብላ፣ አንድ ዓይኗ ተኩሎ አንዱ ሳይኳል፣ «አንድ ቀን ብቻ ነው ኮ እማ። እሷ እኮ አይገባትም» አለች። ተማም መኪና ላጥብ ብሎ ከወጣ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መኪናው ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው። ያኔ ፈዲላ የሶፋውን ልብስ ትታ መጣችና የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ልቧ እያወቀ ነው ያደረገችው፤ ልጇ ከምንም በላይ የምትወደውን ነገር አነሳችባት።

«ሃዲዬ፣ አብሽሪ። ልክ ከመለስሽ ኮሌጅ ትገቢያለሽ፣ እሺ? ልክ ካልሽ ብቻ ነው።»

«ኮሌጅ?» አለች ሃዲያ፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች።

«እናትሽም ራሷ ብትጠይቅሽ፣ ብትለምንሽ እንኳ እንዳትሳሳቺ» አለች ዘሪቱ። «ይቺ ማን ናት?»

ሃዲያ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻትና «ጎረቤታችን» አለች። ዘሪቱ አጨበጨበች። አስር ሰዓት ሳይሆን ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ለኮሌጅ ከተገዛላት ቀን ጀምሮ የማትለየውን አዲሱን ሰማያዊ ቦርሳዋን አዝላ፣ መኝታ ቤት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፈዲላ ወጥ ልታማስል ሄደች፤ ሽንኩርቱ ሳይኖር ዓይኗ ያለቅሳል።

አስራ አንድ ሆነ፣ አስራ ሁለት ሆነ። ሳምቡሳው በረደ፣ ተሞቀ፣ ዳግመኛ በረደ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ገቡ፤ ሐጂ ሚቅዳድ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጢም፣ እንደ ሻንጣ ተሸካሚ ትከሻ። ተማም «ኧረ ተቀመጡ!» አለ፣ እነሱ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ይለምናል። ሐጂ የቆሙት በመኝታ ቤቱ በር ሥር ነው፣ ጀርባቸው ግድግዳው ላይ። ዘሪቱ በወገቧ መቀነት አስራ ወጥ ቤቱ አፍ ላይ ቆማለች፤ ፈዲላ ምድጃው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ታያለች። ሐጂ ሳይቸኩሉ እጃቸውን ዘርግተው በዱዓ ጀመሩ፦ ያሉትን ያክርም፣ የራቁትን ያቅርብ፣ የዚህን ቤት ልጆች ይባርክ። «አሚን» ሲባል ከበሩ ውስጥ አንድ ጎላ ያለ «አሚን!» ተሰማ፣ ከዚያም ሃዲያ ቦርሳዋን እንዳዘለች ወጣች። ዱዓ ትወዳለች፤ የዱዓ ድምፅ ከሰማች የሚያስቀራት የለም። ሁለት እጇን ዘርግታ ሐጂ አጠገብ ቆመችና «አሚን፣ አሚን፣ አሚን» አለች።

«ማሻአላህ! ይህች ልጅ የማን ናት?» አሉ ሐጂ።

ተማም ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ሃዲያ ግን አላሳፈረቻቸውም። «የጎረቤት ልጅ ነኝ። ቤታችን አስራ አራት ቁጥር ነው» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ሐጂ ፈገግ አሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ያዩ ዓይኖች ናቸው፣ ልጅቷ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነች ወዲያው ገብቷቸዋል። «እናትሽስ የታለች?» አሏት። ይሄንን ማንም አላስጠናትም ነበር። ሃዲያ አፏን ከፍታ ወደ እናቷ ዞረች፤ ሁሉም ወደ ፈዲላ ዞረ።

«እናቷ ሥራ ላይ ናት፣ ሐጂ» አለች ፈዲላ። እንዴት ብሎ እንደወጣት አታውቅም፤ ብቻ ወጣ። «እኛ ጋ ነው የምትውለው።»

«አይ፣ ከቆሙ አይቀር እንዲህ ያለ ቤት ነው መቆም!» አሉ ሐጂ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «የራስን ልጅ ማንም ያሳድጋል። የሰው፣ ያውም እንዲህ ያለችውን፣ በዚህ በክፉ ጊዜ ቤት አስገብቶ ማዋል! ከእንዲህ ያለ ቤት ልጅ የወሰደ አይከስርም። ጀዛኩሙላህ ኸይር።» ዘሪቱ ቀና አለች፣ ፊቷ በራ። ፈዲላ የሃዲያን ክንድ ይዛ «ነይ እስኪ» ብላ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻት። ሦስት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ነበር የቀረው።

መኝታ ቤቱ እንደ እቶን ነው። ጁማና ለብሳ፣ አጊጣ፣ ላብ ኩሏን እንዳያበላሽባት በካርቶን እያራገበች አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ፈዲላ ትምህርት ቤቱ ያዋሳቸውን ላፕቶፕ ከፈተች። ወፍራም መነጽር ያደረገች ሚስ ዳያን የምትባል ደግ ፊት ያላት ሴት ታየች። ሃዲያ ሳትጠየቅ ጀመረች፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በእንግሊዝኛ፤ ሃዲያ ተማም እባላለሁ፣ መማር እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን አውቶቡስ መሳፈር እፈልጋለሁ፣ ምግብ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ። ለወራት የተለማመደችው ነው፤ አንድ ቃል አልሳተችም። ሚስ ዳያን ሳቀች፣ በሁለት እጇ አጨበጨበችላት። «ጎበዝ! አጠገብሽ ያለችው ማን ናት?» አለች ሚስ ዳያን።

«ጎረቤታችን» አለች ሃዲያ።

«እናትሽስ?»

«እናቴ ሥራ ላይ ናት።» አንዴ ሰምታ የያዘችው በሕይወቷ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ሚስ ዳያን ፈገግታዋ አልጠፋም፣ ግን ቆመ። ፈዲላን እርስዎ እናቷ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፈዲላ አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች፣ ደጋግማ፣ አንገቷ እስኪያማት። «ይቅርታ፣ ይቀዳል፤ ድምፅዎን መስማት አለብኝ» አለች ሚስ ዳያን። ከግድግዳው ወዲያ ሐጂ ሚቅዳድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እዚህ እጇን ብትዘረጋ የምትነካቸው ያህል ቅርብ። ሐጂ እንግሊዝኛ ከፈረንጅ በላይ ነው የሚሰሙት። ጁማና ካርቶኑን ጥላ ሁለት መዳፏን አጋጥማ፣ ድምፅ በሌለው ከንፈር «እማ፣ ፕሊስ» አለቻት። አንዲት ቃል ናት። እናቷ ነኝ። ፈዲላ አንዷን ልጇን አየች፣ ሌላዋን አየች። ከዚያም የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብላ ዘጋችው። እስከ አምስት ሰዓት አለ አለች በልቧ። እነዚህ ሰዎች ይሂዱ እንጂ እደውላለሁ።

ሰዎቹ ግን የሚሄዱ ሰዎች አልነበሩም። ተማም ዘሪቱን አየት አድርጎ እሺ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ትሪው ወረደ። በልተው ሲያበቁ የወሎ ዘመድ ቆጠራ መጣ፤ የእከሌ አያት ከእከሌ አጎት ጋር አንድ ገበያ ይውሉ እንደነበር ታወቀ። ከዚያ ታክሲ ነጂዎቹ ሥራው መመለሱን፣ ኤርፖርቱ መሙላቱን አወሩ። ሐጂ በየመሃሉ ሃዲያን ጠርተው ከራሳቸው እጅ ያጎርሷታል፣ «የየቲም ያህል ናት» እያሉ፣ እንደ ወላጅ አልባ ቆጥረው። ፈዲላ ሻይ ስትቀዳ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ሆኖ ሳህኑ ላይ አፈሰሰች። አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ግን አልቻለችም። የቆሻሻውን ፌስታል በአንድ እጇ፣ ሃዲያን በሌላው ይዛ «ቆሻሻ ልጣል» ብላ ወጣች። ዘሪቱ ከኋላ «እንግዳ ትተሽ?» ስትል ደረጃው ላይ ደርሳለች።

መኪና ማቆሚያው ላይ አስፋልቱ ነጠላ ጫማዋን ይይዛል። ፌስታሉን እግሯ ሥር ጥላ ደወለች። ሚስ ዳያን አነሳች፤ አልሃምዱሊላህ። ፈዲላ ያላትን እንግሊዝኛ ሁሉ አፈሰሰችው፤ እኔ ነኝ እናቷ፣ እኔ ነኝ፣ እንግዳ ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው፣ ይቅርታ፣ እናቷ እኔ ነኝ። ሴትየዋ በትዕግስት ሰማቻት። ሲያልቅ ከተማሪዋ ጋር ልነጋገር አለች። ፈዲላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ለልጇ ያዘችላት። «ሃዲያ፣ አሁን አብራሽ ያለችው እናትሽ ናት?» ሃዲያ እናቷን አየቻት። ፈዲላ በአማርኛ «አዎ በይ! እናቴ ናት በይ፣ ሃዲዬ፣ በናትሽ!» አለች፤ ድምፅዋ ጩኸት ሆኖ እንደወጣ የሰማችው ካበቃ በኋላ ነው። ሃዲያ ገባት። ፊቷ በራ። ጠዋት አክስቷ ነግራታለች፣ ብትለምንሽ እንኳ እንዳትሳሳቺ ብላታለች።

«አይደለችም» አለች፣ ቃል በቃል፣ ጥርት አድርጋ። «ጎረቤታችን ናት። እናቴ ሥራ ላይ ናት።»

ከዚያ ሚስ ዳያን፣ አሁን ያ ደግነት ከድምፅዋ ወጥቶ፣ ማን እንደሆኑ አላውቅም አለቻት። ልጅቷን ምን እያሉ እንደሚያስገድዷት አላውቅም። ይህን ፋይል መዝጋት አለብኝ፣ ልጅቷም ደህና መሆኗን የሚያይ ሰው ነገ ይደውላል አለች። ተዘጋ። ፈዲላ መልሳ ደወለች፣ የተቀዳ ድምፅ ወጣ። ደግማ ደወለች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ ሆነ።

«ልክ አልኩ?» አለች ሃዲያ። ላቡ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል፣ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣለች። «ኮሌጅ ገባሁ?»

ፈዲላ ልጇን አቀፈቻት፤ ሃዲያ ግን እጇን አላነሳችም፣ የማታውቀው ሰው ሲያቅፋት እንደምትቆመው ቆመች። «ልክ አልሽ» አለቻት ፈዲላ። ሌላ ምን ትበላት። ፌስታሉን ጥላ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ይዛት ደረጃውን ወጣች።

እንግዶቹ ስድስት ተኩል ላይ ሄዱ። ሐጂ በር ላይ ሃዲያን መርቀው ለፈዲላ «አላህ በጀነት ይመንዳሽ» አሏት፣ እሷም «አሚን» አለች። ዘሪቱ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጁማና ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ አክስቷን አቀፈች፤ ተማም ሳይቀር ሳቀ። «አየሽ፣ አንድ ቀን ናት ብዬሽ ነበር፤ አለቀ። ኮሌጅ ኮሌጅ ያልሽውን ደግሞ ነገ ትደውያለሽ» አለች ዘሪቱ የተረፈውን ሳምቡሳ በፎይል እየጠቀለለች። ፈዲላ ትሪ አነሳች፣ ብርጭቆ ለቀመች፣ ማጠቢያው ላይ ውሃውን ለቀቀች። በውሃው መሃል ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ሰማች። አንድ ሽማግሌ ቁልፉን ረስቶ የተመለሰ መሰላትና በሩን ከፈተች።

የሚንኳኳው የእሷ በር አልነበረም። ሃዲያ ቦርሳዋን አዝላ አስራ አራት ቁጥር በር ፊት ቆማለች። ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፣ እጇን ታወርዳለች፣ ትጠብቃለች። ወረቀቱ አፍንጫዋ ላይ ነው።

«ሃዲዬ፣ ነይ ግቢ። እንግዶቹ ሄደዋል፣ አበቃ» አለች ፈዲላ።

«አመሰግናለሁ፣ ጠግቤአለሁ» አለች ሃዲያ ሳትዞር። «እናቴን ነው የምጠብቀው።»

እንደገና ሦስት ጊዜ አንኳኳች።